ከፊደል እስከ ማትሪክ፦ የአገራችን የትምህርት ደረጃዎችና ፈተናዎች



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ በየዓመቱ የሚሰማ ጥያቄ አለ። አንዲት እናት ውጤቱ የተጻፈበትን የልጃቸውን ስልክ በእጃቸው እንደያዙ ወደ ካቴኪስቱ ቀረብ ይሉና፣ «መምህር፣ ልጄ ከ600 247 አገኘ አሉኝ። ወደቀ ማለት ነው ወይስ ገና መንገድ አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ካቴኪስቱ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ይጠፋዋል። እርሱ ራሱ የተፈተነው ውጤት በኤ፣ በቢና በሲ ይሰጥ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ የዛሬው አቆጣጠር ለእርሱም እንግዳ ነው። ጥቂት ቆይተው እናቲቱ ሌላ ጥያቄ ያክላሉ፤ ይኸኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፦ «በየዓመቱ ሰኔ 30 ካርዱን ስቀበል ‹ተዛውሯል› ይሉኝ ነበር። እንዲህ መሆኑን እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልነገረኝም?»

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለመፈለግ ነው። በእርግጥ ካቴኪስት የትምህርት ቤት አማካሪ አይደለም። ነገር ግን ወላጆች የሚጠይቁት የሚያምኑትን ሰው ነውና፣ ጥያቄው ወደ እርሱ መምጣቱ አይቀርም። ስለሆነም የትምህርቱ መሰላል ስንት እርከን እንዳለው፣ በየትኛው እርከን ላይ ማን እንደሚፈትን፣ ሕፃናቱም የት ላይ እንደሚንሸራተቱ አጥርቶ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ማትሪክ ከየት መጣ?

በጥንታዊው የአብነት ትምህርት ሕፃኑ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብም ወደ ዳዊት ይሸጋገር የነበረው የትምህርቱ ዘመን ስላለቀ ሳይሆን፣ መምህሩ አስነብቦ ልቡ ሲረካ ነው። አንዱ በስድስት ወር ሲሻገር ሌላው ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ማንም ግን ሳያነብ አላለፈም። ክፍልን በቁጥር መቁጠር የመጣው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተ በኋላ ቀስ በቀስ በተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ፣ የመጨረሻው ፈተና ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። ተማሪዎቻችን የሚፈተኑት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን ፈተና ነበር። «ማትሪክ» የሚለው ስም የተወረሰውም በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ውስጥ መግባትን ከሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ (ያደራጁትና በፕሬዚዳንትነት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ሉሲየን ማት እንደነበሩ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ አይታለፍም) ተማሪዎቹን የሚቀበለው በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ነበር። ከጊዜ በኋላ የውጭው ፈተና ቀርቶ በአገር ውስጥ የሚዘጋጀው የትምህርት ማጠናቀቂያ ሰርቲፊኬት ፈተና ተተካ። በሕዝቡ አፍ ግን ስሙ ማትሪክ እንደሆነ ቀረ፤ ዛሬም ማትሪክ ነው።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ አንባብያን የተማሩበትን መሰላል አይረሱትም። ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል ነበር። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ፈተናው ከትምህርት ሚኒስቴር ታሽጎ ስለሚመጣ ሕዝቡ «ሚኒስትሪ» አለው። ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ በመንደሩ ይታወቅ ነበር።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን መሰላል በሌላ ተካው። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነና ከ1ኛ እስከ 4ኛ እና ከ5ኛ እስከ 8ኛ በሚል በሁለት እርከን ተከፈለ። 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ ተባሉ። የትምህርቱ ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ የሕፃኑ አፍ መፍቻ እንዲሆን ተወሰነ። ብሔራዊው ማጣሪያ ከ12ኛ ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ፤ በ10ኛ ክፍል መልካም ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ ያልፋል፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ይሄዳል። በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ብጨምር አንባብያን ይፍቀዱልኝ። ለብዙ ዓመታት ለ1ኛ ክፍል ሕፃን ፊደል እንዲያስቆጥሩ የተመደቡት፣ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ወደ መሰናዶ መግቢያ ነጥብ ያልደረሱ ወጣቶች ነበሩ። እነርሱን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ከመካከላቸው ድንቅ መምህራን ወጥተዋል። ግን የሕንፃውን መሠረት ለመጣል ሌላ ቦታ ያልተፈለገውን ሠራተኛ መላክ፣ ከዓመታት በኋላ ዋጋ እንደሚያስከፍል መታሰብ ነበረበት።

በዚያው ዘመን መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪን ማስደገም እንዲቀር ተደረገ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ሕፃናት ወድቀው ከትምህርት እንዳይርቁ ማድረግ። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። እነዚያ ሕፃናትና ታናናሾቻቸው 12ኛ ክፍል የደረሱት፣ ኋላ የምናነሣው የፈተና ውጤት አገሪቱን ባስደነገጠበት ዘመን አካባቢ ነው።

ዛሬ ያለው መሰላል

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰላሉን እንደገና ለውጦታል፤ ለውጡንም በጥንቃቄ ላየው ሰው ወደ አያቶቹ አከፋፈል የተመለሰ ይመስላል። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ አለ፤ ብዙ ቁምስናዎቻችን የሚያስተዳድሯቸው አጸደ ሕፃናት የሚገኙት በዚህ እርከን ነው። ሕፃኑ በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ይገባና ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ ይማራል። 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ይባላሉ። ከዚያም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። በ11ኛ ክፍል ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ይመርጣል።

ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለ አካል የሚዘጋጁት ፈተናዎች ሦስት ናቸው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው የየክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ነው፤ በመሆኑም ምንም እንኳ ሕዝቡ የ8ኛ ክፍሉን ዛሬም «ሚኒስትሪ» ቢለው፣ ወረቀቱ ከሚኒስቴሩ አይመጣም። አንዱ ክልል የሚያወጣው ፈተና ከሌላው ክልል ጋር አንድ አይደለም፤ ውጤታቸውም ጎን ለጎን ሊመዘን አይችልም። ለመላው አገሪቱ አንድ የሆነው ፈተና የ12ኛ ክፍሉ ብቻ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቀርቷል።

የ10ኛ ክፍሉ ፈተና መቅረት በብዙዎች ዘንድ እንደ እፎይታ ተቆጥሯል፤ በ16 ዓመቱ ልጅን ለይቶ ማስቀረት ጨካኝ አሠራር ነውና። ሆኖም አንድ ነገር አብሮ መቅረቱን ልብ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ልጁ 8ኛ ክፍልን ካለፈ በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከራሱ ትምህርት ቤት በስተቀር ሌላ ማንም አይመዝነውም።

አራቱ ዝምተኛ ዓመታት

እናቲቱ «ለምን ማንም አልነገረኝም?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሚናገር እንመልከት። ወላጅ ሰኔ 30 ቀን ካርድ ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «ደረጃ» በሚለው ሣጥን ላይ ነው። «ከ68 ተማሪ 5ኛ ወጣ» ሲባል ቤቱ ይደሰታል፤ መደሰቱም አይከፋም። ነገር ግን ደረጃ የሚናገረው ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የት እንዳለ ነው እንጂ መጽሐፉን ምን ያህል እንዳወቀው አይደለም። ስልሳ ስምንቱም ከመጽሐፉ በታች ከሆኑ፣ አምስተኛውም ከመጽሐፉ በታች ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ተማሪውን የሚያነጻጽረው ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከመጽሐፉ ጋር ነው። በካርዱ ላይ ያለው 80 እና በብሔራዊው ፈተና የሚመጣው 35 የሚራራቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ነጥብ በምደባ፣ በቡድን ሥራና አንዳንዴም በርኅራኄ የሚሞላ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ልጁ ሳይንሱንና ሒሳቡን የሚማረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻው ነው። የእንግሊዝኛው መሻገሪያ እንደየክልሉ ይለያያል። በአንዳንድ አካባቢዎች 7ኛ ክፍል ላይ ይጀምራል፣ በሌሎች ግን እስከ 8ኛ ሁሉም በአፍ መፍቻ ይሆንና 9ኛ ክፍል ላይ በአንድ መስከረም ሁሉም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ትናንት «ብርሃን አስተጻምሮ» ብሎ የተማረውን ዛሬ «ፎቶሲንተሲስ» ብሎ ያገኘዋል። ቃሉን መልመድ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ቃሉ የተቀመጠበትን ዐረፍተ ነገር መረዳት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ሕፃን በሚገባው ቋንቋ ሲማር በተሻለ እንደሚያነብ በብዙ አገሮች ታይቷል። ችግሩ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ፣ ማለትም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚሰጠው እንግሊዝኛ፣ በብዙ ቦታ ስስ መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህን ክፍተት ለመሙላት ተብሎ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው «ፕላዝማ» ትምህርቱን ከሳተላይት በፈጣን እንግሊዝኛ ያወርደው ነበር። በዚያ ዘመን የተማሩት እንደሚሉት፣ ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ይቀጥላል፤ ተማሪው ደግሞ ማቋረጥ አይችልም።

ሦስተኛው፣ በገጠር ቁምስናዎቻችን ለሚኖሩ ልጆች ብቻ የሚደርስ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀበሌው አለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ግን በወረዳው ከተማ ነው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ከሁለትና ሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በከተማ ጠባብ ክፍል ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄድና የሳምንቱን ስንቅ፣ ቆሎና ዳቦ ወይም ቆጮ ተሸክሞ እሑድ ይመለሳል። እንግዲህ የትምህርቱ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከተማውና የቤቱ ኑሮ ሁሉም በአንድ ዓመት ይለወጡበታል። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የወላጅ ስጋት ይጨመርበታል፤ ስንቶቹ በዚህ ምክንያት 8ኛ ክፍል ላይ እንደቀሩ ካቴኪስቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ ያለፉት ዓመታት መከራ ተጨመረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። በትግራይ ጦርነቱ ተከትሎ ስለመጣ ልጆች ለሦስት ዓመት ያህል ከመማሪያ ክፍል ርቀው ቆዩ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የእነዚህን ልጆች ውጤት ሳይቋረጥ ከተማረው ጋር በአንድ ሚዛን ማየት ለምን እንደሚከብድ አንባብያን ያስተውላሉ።

ታዲያ ካቴኪስቱ ምን ያድርግ? ወላጁ ራሱ ባይማርም እንኳ ሊፈጽመው የሚችል አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የልጁን የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ ተቀብሎ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በቤቱ ቋንቋ እንዲያስረዳ መጠየቅ። በአንድ ቁምስና አዳራሽ በክረምት ትምህርት ጊዜ ይህን ከተማሪዎች ጋር ሞክሬው ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል ሳይደናቀፉ አነበቡ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ያማረ ድምፅ ነበራቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሊነግሩኝ የቻሉት ግን ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የተቀሩት ዝም ብለው አዩኝ። ከመካከላቸው በክፍሉ 2ኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ይህን ሙከራ በ9ኛ ክፍል የኅዳር ወር ላይ ያደረገ ወላጅ፣ ለመርዳት ገና ሦስት ዓመት ተኩል ይቀረዋል። በ12ኛ ክፍል መጋቢት ላይ ያደረገው ግን ለአስጠኚ ገንዘብ ከመክፈል በቀር ብዙ የሚያደርገው አያገኝም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና

ፈተናውን የሚያዘጋጀውና የሚያርመው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ጥያቄዎቹ በምርጫ የሚመለሱ ናቸው፤ ተማሪው በመልስ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ክቦች በእርሳስ ያጠቁራል፣ ወረቀቱንም ማሽን ያነበዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መፈተን ጀምረዋል። የሁለቱም ዘርፎች ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ የሚባለውን የማገናዘብ ችሎታ ፈተና ይወስዳሉ። ከዚህ በተጨማሪ የተፈጥሮ ሳይንሱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ። ስድስት የትምህርት ዓይነት እያንዳንዱ ከ100 ሲታሰብ ድምሩ 600 ይሆናል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ግማሹ፣ ማለትም 300፣ ያስፈልጋል።

ቀድሞ ተማሪው የሚፈተነው በራሱ ትምህርት ቤት ወይም በአቅራቢያው ነበር። መኮረጅ እየተስፋፋ ሄደ፤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጭቶ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እስከ መሰጠት ተደርሷል። ከዚያ በኋላም በአንዳንድ ቦታ ተማሪዎች በጅምላ ተመሳሳይ መልስ ይሰጡ እንደነበር ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ሲናገር ቆይቷል። ስለዚህ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አካባቢ በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፣ በዚያው እያደሩ፣ ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም ቁርጥ ያለ 50 በመቶ ሆነ።

ውጤቱ ሲወጣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ቁጥሩ 3.2 በመቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በዚህኛው ዓመት ያለፉት 48,929 ናቸው። መሻሻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሌላውንም ቁጥር ማየት ያስፈልጋል፦ በ2017 የተፈተኑት 585,882 ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው በ300,000 የሚበልጥ ቅናሽ አለው። ከፈተናው አዳራሽ ያልደረሱት ልጆች በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይታዩም።

ስለዚህ ፈተና የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ «ልጆቻችንን ጨፈጨፏቸው» ይላል፤ ሌላው «እውነቱ ገና አሁን ወጣ» ይላል። ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። እውነቱን የተናገረው ፈተና የተናገረው ስለ ተማሪው ብቻ አይደለም። ከመቶ ዘጠና ሁለቱ የሚወድቁበት ፈተና ስለ መማሪያ መጽሐፉ እጥረት፣ ስለ መምህሩ ደመወዝ፣ ስለ 9ኛ ክፍሉ መሻገሪያም ይመሰክራል። ሸክሙ ግን በ18 ዓመቱ ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ ያርፋል። ውጤት በተገለጸበት ቀን አንድ ወጣት ከቤቱ ጠፍቶ ቢውል ካቴኪስቱ ፈልጎ ሊያገኘው፣ ወላጆቹም በዚያች ቀን ቃላቸውን እንዲቆጥቡ ሊመክራቸው ይገባል።

ከውጤቱ በኋላ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከ600 247 ማለት 41 በመቶ ነው። ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አይመደብም፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ላላመጡ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ተማሪዎቹ «ሪሜዲያል» የሚሉት፣ ተከፍቷል። የሚገቡት ያልደረሱት ሁሉ አይደሉም። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ለብቻው መቁረጫ ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡም ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች ይለያያል። የገባው ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ወራት የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት በድጋሚ ተምሮ ይፈተናል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣ አንደኛ ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ 247 ላመጣው ልጅ የመጀመሪያው ምክር የዓመቱ መቁረጫ ነጥብ እስኪገለጽ መጠበቅ ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ በዚህ ነጥብ ገብቷል ወይም ቀርቷል ማለት ዘንድሮም እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም።

በዚህ የጥበቃ ጊዜ ውስጥ ብዙ ስሕተት ይሠራል። ወላጅ በሬውን ሸጦ ልጁን «ያለ ማለፊያ ነጥብ በዲግሪ እንቀበላለን» በሚል የግል ተቋም ያስመዘግባል። በግል ተቋምም ቢሆን ለዲግሪ መግቢያው ያው 50 በመቶ ወይም የሪሜዲያል ማለፊያ ነው። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። የመግቢያ ማስረጃው ያልተሟላ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት ከፍሎ ከተማረ በኋላ በመጨረሻው በር ላይ ይቆማል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ተቋሙና የተመረጠው የትምህርት ክፍል በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታወቁ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዝናብ ሳይጥል ዘር እንደማይበተን ሁሉ፣ ይህ ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይወጣም።

ሁለተኛው መንገድ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ነው። የሚጠቅመው ልጁ በምን እንደወደቀ በትክክል ሲታወቅ ነው። የውጤት ወረቀቱን አንድ ጊዜ በድምር ሳይሆን በእያንዳንዱ ትምህርት ማንበብ ይገባል። በባዮሎጂ 58 በሒሳብ 24 ያመጣ ልጅና በሁሉም 41 ያመጣ ልጅ ድምራቸው ቢቀራረብም በሽታቸው አንድ አይደለም።

ሦስተኛው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ያሉት እርከኖች አሉት፤ በየደረጃው መጨረሻ ሠልጣኙ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለውን የብቃት ምዘና ወስዶ ያልፋል። ይህን ዘርፍ ዛሬ የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። በእኛ ዘንድ ሙያ የወደቀ ልጅ መጠለያ ተደርጎ ይታያል፤ ለዚህም የ10ኛ ክፍሉ ዘመን ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቧንቧ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም ጥሩ በያጅ ለመጥራት አንድ ሳምንት በሚጠበቅበት ከተማ ይህ አስተሳሰብ ለምን እንደሚጸና ለእኔ አይገባኝም። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ልጁ የሚሠለጥንበት ማሽን በተቋሙ ውስጥ በእርግጥ መኖሩን ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ብየዳ የተማሩ ወጣቶች አጋጥመውኛል።

ካለፉት ተማሪዎች ወገን ደግሞ አንድ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። ምደባው የሚከናወነው ተማሪው በመረጠው ቅደም ተከተል፣ በውጤቱና በቦታው ብዛት ነው፤ ምርጫውን ጓደኛ እንዲሞላለት መተው አይገባም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ወደዚያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ የብሔራዊው ፈተና ብቻ እንደማይበቃው ይወቅ።

እነዚህን ሁሉ ለእናቲቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ማስረዳት አይቻልም። ወንበር አቅርቦ፣ የልጁን የውጤት ወረቀት በእያንዳንዱ ትምህርት አብሮ አይቶ፣ የመቁረጫው ነጥብ በሚገለጽበት ጊዜ ተመልሰው እንዲመጡ ቀጠሮ መስጠት ይሻላል። ከመሰነባበታቸው በፊትም ካቴኪስቱ አንድ ነገር ቢጠይቃቸው መልካም ነው፦ «ታናሽ እኅቱስ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል ናት?» ስምንተኛ ናት ካሉት፣ በሚመጣው ቅዳሜ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ ወደ ቁምስናው አዳራሽ እንድትመጣ ይንገራቸው።